ጠምዛዛ፣ ባለ ማንሻ ወይስ ታጣፊ? በሀዋሳ ሆኖ የተራራ ዱላ ለመምረጥና ለመጠገን

ታቦርን ወይም አላሙራን ለሚወጣ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ባሌ ለሚሻገር የሀዋሳ ተጓዥ የሚስተካከል የተራራ ዱላ ሲመረጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት መቆለፊያው ነው። ክብደቱ፣ የእጀታው ምቾትና የብራንዱ ስም ከዚያ በኋላ ይምጣ። ዱላ ብዙ ጊዜ ከአገልግሎት የሚወጣው ርዝመቱን የሚይዘው መቆለፊያ መያዝ ሲያቅተው ነው፤ የቧንቧ ስብራት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው። ቁልቁለት ላይ ክብደታችሁን የጣላችሁበት ዱላ በድንገት አሥር ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጨርሶ ዱላ ባይኖራችሁ ይሻል ነበር።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። አንድ ጥንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ከውጭ በማንሻ የሚቆለፍ፣ ባለ ሦስት ቧንቧ የአሉሚኒየም ዱላ ይግዛ። ጠምዛዛ ዱላ ያለው ሰው አይጣለው፤ «ተበላሽቷል» ተብሎ ጥግ የቆመ ጠምዛዛ ዱላ አብዛኛውን ጊዜ የቆሸሸ ዱላ ነው፣ በግማሽ ሰዓት ሥራ ይመለሳል። ታጣፊው ለሻንጣ ይመቻል፣ ቀላልም ነው፤ ግን የውስጥ ገመዱ የተበጠሰ ቀን እዚህ ከተማ ላይ መፍትሔ ማግኘት ይከብዳል። ይህን ፍርድ የሰጠነው ሀዋሳ ውስጥ በእጃችን ያለውን ታሳቢ አድርገን ነው። የተራራ ዱላ መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም። የሳይክልና የባጃጅ ጠጋኝ ግን በየሰፈሩ አለ፤ እሱ ጋ ያለው አለን ቁልፍ፣ ብሎን፣ ዳዶና ፒንሳ ለባለ ማንሻው ዱላ ከበቂ በላይ ነው።

ጠምዛዛው

የጠምዛዛ ዱላ አሠራር ቀላል ነው። የታችኛው ቧንቧ አናት ላይ አጭር ባለ ጥርስ ብሎን አለ። ብሎኑ ላይ ጎኑ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ተሰክቷል፤ ኤክስፓንደር ይባላል። ቧንቧውን ስትጠመዝዙት ሾጣጣ ሽብልቅ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባና ወደ ጎን ይከፍተዋል፤ የተከፈተው ፕላስቲክ የውጪውን ቧንቧ ግድግዳ ከውስጥ ገፍቶ ይይዛል። ሌላ የሚይዘው ነገር የለም፣ ሁሉም ነገር በሰበቃ ላይ የቆመ ነው።

ታዲያ ፕላስቲኩ እንዲከፈት ብሎኑ ሲዞር እሱ ባለበት መቆም አለበት። ግድግዳው ላይ ቀጭን የአቧራ፣ የእርጥበት ወይም የቅባት ሽፋን ካለ ፕላስቲኩ ይንሸራተትና አብሮ ይዞራል። ሽብልቁ አይገባም፣ ምንም ነገር አይጠብቅም። «እጠመዝዛለሁ፣ ይሽከረከራል፣ አይቆልፍም» የሚባለው ችግር በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይመነጫል።

የእኛ አካባቢ አፈር ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ መቆለፊያ ጠላት ነው። ሀዋሳ የተቀመጠችው ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ የኮርቤቲ እሳተ ገሞራም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። በዙሪያው በብዛት የሚገኘው ፑሚስ የተባለው ቀላል ድንጋይ በተፈጥሮው የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። ብናኙ ስለታም ስለሆነ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን ይጭራል፣ ፕላስቲኩንም ቀስ በቀስ ይሞርደዋል። በበጋ ወደ ኮርቤቲ በኩል የሄደ ዱላ ሳይጠረግ ለሚቀጥለው ጉዞ መውጣት የለበትም።

የጥገናው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፦

1. የታችኛውን ቧንቧ አላልታችሁ ሙሉ በሙሉ ጎትቱና አውጡ። ስትጎትቱ ፕላስቲኩ ከብሎኑ ወልቆ ውስጥ ከቀረ አትደንግጡ። ቧንቧውን መልሳችሁ አስገቡና ብሎኑን ፕላስቲኩ ላይ ሁለት ሦስት ዙር አስነክሱት፣ ከዚያ አብሮ ይወጣል። ከላይ በብረት ዘንግ መውጋት አያዋጣም፤ ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ እዚያው ይቀረቀራል።

2. ረጅም ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እሰሩና የውጪውን ቧንቧ ውስጥ ጥረጉ። ጨርቁ ጥቁር ወይም ነጭ ዱቄት ይዞ ይወጣል፤ ነጩ የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ጨርቁን እየቀያየራችሁ ንጹሕ እስኪወጣ ቀጥሉ። መጨረሻ ላይ ከፋርማሲ በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል አርሳችሁ አንዴ ጥረጉና ይድረቅ። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያለሰልሳል።

3. ኤክስፓንደሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና ለብ ባለ ውሃ እጠቡ። የብሎኑን ጥርስ አትርሱ። ጥላ ውስጥ አድርቁት።

4. የፕላስቲኩ ገጽ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ቁጥር 240 ወይም 320 ብርጭቆ ወረቀት ወስዳችሁ ዙሪያውን ቀለል አድርጋችሁ አሹት። አንጸባራቂነቱ ሲጠፋ ይበቃል፤ መቀነስ የለበትም፣ ከቀጠነ መልሶ አይወፍርም።

5. አሁን ዋናው ነገር። ከመክተታችሁ በፊት ኤክስፓንደሩን በጣታችሁ እያዞራችሁ ትንሽ ክፈቱት፤ ቧንቧው ውስጥ ሲገባ በቀላሉ የማይወርድ፣ ግን በእጅ ሲገፋ የሚሄድ መሆን አለበት። ይህ ትንሽ ጥብቀት ነው ብሎኑ ሲዞር ፕላስቲኩን ባለበት የሚያቆመው። ብዙ ሰው ይህን ስለሚዘል ነው ጠርጎም «አልሠራ አለኝ» የሚለው።

6. የምትፈልጉት ርዝመት ላይ አድርጉና በሁለት እጅ አጥብቁ። መጀመሪያ ላይ ቢዞርም የታችኛውን ቧንቧ በትንሹ ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ጠምዝዙ፤ ፕላስቲኩ በአንድ በኩል ግድግዳውን ይነክስና ይጀምራል።

የእጅ ኃይል ይበቃል። በፒንሳ የጠበቀ ጠምዛዛ ዱላ መድረሻ ላይ ሳይፈታ ይቀራል ወይም ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

ዘይትና ግሪስ ውስጡ አይግባ። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ቅባት ይፈልጋል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ እዚህ ግን ሥራውን የሚሠራው ሰበቃው ስለሆነ አንድ ጠብታ ዘይት መቆለፊያውን ይገድለዋል። በስህተት የገባበት ዱላ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ይታጠብ፣ ቀጥሎ በአልኮል ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠረግ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልያዘ ፕላስቲኩ አልቋል ማለት ነው። ምትክ ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ሰው ስትነግሩ የዱላውን ስም ብቻ አትንገሩ፤ የታችኛውን ቧንቧ የውጪ ዲያሜትርና የሚገባበትን ቧንቧ የውስጥ ዲያሜትር በካሊፐር ለክታችሁ በሚሊ ሜትር ጻፉለት። ባለ ሦስት ቧንቧ ዱላዎች በብዛት ከላይ ወደ ታች 18፣ 16 እና 14 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ቀለል ያሉት 16፣ 14 እና 12 ይሆናሉ። በአንድ ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ኤክስፓንደር ወይ አይገባም ወይ አይነካም። እስከዚያው ድረስ የቁስል ማሸጊያ የወረቀት ፕላስተር አንድ ዙር ብቻ በፕላስቲኩ ዙሪያ ለጥፋችሁ መሰንጠቂያው ላይ በምላጭ ቁረጡት፤ ለአንድ ቀን ጉዞ ያደርሳል። ከጉዞ ስትመለሱ አውጡት፤ ማጣበቂያው ሲሞቅ ቧንቧው ውስጥ ይቀልጣል።

ጠምዛዛው ሌላም ድክመት አለው፦ ብርድ። የባሌው ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊት ውሃ ይረጋል። ቀን በዝናብ የገባ እርጥበት ሌሊት ቧንቧው ውስጥ በረዶ ከሆነ ጠዋት ዱላው ወይ አይፈታም ወይ አይጠብቅም፣ ጓንት አድርጎ መጠምዘዝም አስቸጋሪ ነው። ባሌ የሚያድር ሰው ጠምዛዛ ዱላውን ነቃቅሎ፣ ጠርጎ ድንኳን ውስጥ ያሳድረው።

ባለ ማንሻው

እዚህ መቆለፊያው ከውጭ ነው፣ ችግሩም በዓይን ይታያል። የውጪው ቧንቧ ጫፍ ላይ የተሰነጠቀ ማቀፊያ አለ፤ ማንሻው ሲዘጋ ማቀፊያውን ይጨብጠዋል፣ ማቀፊያው ደግሞ የውስጡን ቧንቧ። የሳይክል ኮርቻ በማንሻ ሲጠብቅ ያየ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። የጥብቀቱን መጠን የሚወስነው በጎን ያለው ትንሽ ብሎን ነው፤ አንዳንዱ በካቻቪቴ፣ አንዳንዱ በአለን ቁልፍ፣ አንዳንዱ ደግሞ ያለ መሣሪያ በጣት ይዞራል።

ባለ ማንሻ ዱላ መንሸራተት ሲጀምር የሚደረገው ማንሻውን ከፍቶ ብሎኑን ሩብ ዙር ማጥበቅ ነው። ዘግታችሁ ሞክሩ። ካልበቃ ሌላ ሩብ ዙር ጨምሩ። ትክክለኛው ጥብቀት እንዲህ ይታወቃል፦ ማንሻው የመንገዱን ግማሽ ያህል በነጻነት ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ይከብዳል፣ በአውራ ጣት ጫን ሲባል ይዘጋል። ለመዝጋት መዳፍ ወይም ጉልበት ካስፈለገ ብሎኑ በዝቶበታል፤ ያን ጊዜ ማንሻው ይሰበራል ወይም ቧንቧው ይጨፈለቃል። ከዚያ ዱላውን በምትጠቀሙበት ርዝመት አቁሙና በሁለት እጅ እጀታው ላይ ተደግፋችሁ ቀስ በቀስ የሰውነታችሁን ግማሽ ያህል ክብደት ጫኑበት። ቤት ውስጥ የተንሸራተተ ዱላ ተራራ ላይ አይሻለውም።

ብሎኑ ጠብቆም ከተንሸራተተ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ቆሻሻ ነው። ቧንቧውን አውጥታችሁ ሁለቱንም ገጽ በአልኮል ጥረጉ፤ በተለይ የጸሐይ መከላከያ ቅባት ከእጅ ወደ ቧንቧ ይተላለፋል፣ ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥርም። ሁለተኛው የማቀፊያው መሰንጠቂያ ሙሉ በሙሉ ተገጥሞ ማለቁ ነው። ሁለቱ ከንፈሮች ከተነካኩ ብሎኑን ብታጠብቁ የሚጨበጥ ነገር የለም። እንዲህ ሲሆን ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ቀጭን አሉሚኒየም ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ ማቀፊያው ውስጥ አንድ ዙር አስገቡ፤ መሰንጠቂያው ላይ ግን አይደራረብ። ይህ ዘዴ በደንብ ከተሠራ ለብዙ ጉዞ ይቆያል።

ከሁሉም የሚያናድደው ብሎኑ መንገድ ላይ ወልቆ መጥፋቱ ነው። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከሻሸመኔ እስከ ዶዶላ የተንቀጠቀጠ ዱላ ብሎኑን አላልቶ ይደርሳል። መከላከያው ርካሽ ነው፦ ጥብቀቱን ካስተካከላችሁ በኋላ የብሎኑ ጥርስ ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም ጣሉ። ሲደርቅ ብሎኑን ይይዘዋል፣ ሲያስፈልግ ደግሞ በካቻቪቴ ይላቀቃል። ብሎኑ ከጠፋ ዱላውን ይዛችሁ ሳይክል ጠጋኝ ጋ ሂዱ። ከሌላኛው ዱላ ላይ ያለውን ብሎን አውጥታችሁ አሳዩ፤ ርዝመቱንና ውፍረቱን አይቶ ተመሳሳዩን ያወጣል። ሁለት ትርፍ ገዝታችሁ እጀታው ሥር በናስትሮ ጠቅልሉ።

ባለ ማንሻ ስትመርጡ ማንሻው ከብረት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ርካሹ ፕላስቲክ ማንሻ የሀዋሳ ፀሐይ ሲያገኘው ከጊዜ ጋር ይደርቅና አንድ ቀን ሲዘጋ ይሰበራል፤ ይህ በጥገና አይመለስም። ፕላስቲክ ማንሻ ያለው ዱላ ካላችሁ ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ መስታወት ሥር አትተዉት፣ ሲቀመጥም ማንሻው ተከፍቶ ይቀመጥ።

አንዳንድ ዱላ ላዩ በማንሻ፣ ታቹ በመጠምዘዝ ነው። ቢሰጧችሁ ተቀበሉ፤ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እንደየዓይነቱ ያዙት። መርጣችሁ ግን አትግዙት፤ የሁለቱንም ጣጣ አንድ ላይ ትሸከማላችሁ።

ታጣፊው

ታጣፊ ዱላ ሦስት ወይም አራት አጫጭር ቧንቧዎች በውስጥ ገመድ ተያይዘው የሚሠሩበት ነው። ሲሳብ ገመዱ ይወጠራል፣ አንድ ባለ ሞላ ጉጥ ብቅ ብሎ ያቆመዋል። ሲታጠፍ አጭር ስለሚሆን የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ለመሮጥና ለፈጣን ጉዞ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ብዙዎቹ ታጣፊዎች ርዝመታቸው አይስተካከልም፤ የሚስተካከሉትም አንድ ባለ ማንሻ መገጣጠሚያ ብቻ አላቸው። አቀበትና ቁልቁለት ለሚፈራረቅበት መንገድ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። ጉጡ ሥር አሸዋ ገብቶ አልገባም ወይም አልወጣም ሲል ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጉጡን ደጋግማችሁ ተጫኑት፣ በብሩሽ ጥረጉት፣ አድርቁት፤ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ገመዱ መገጣጠሚያው ጠርዝ ላይ ሲፋቅ ቆይቶ ሲበጠስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ገመዱ የማይለጠጥ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ጠንካራ ዓይነት ነው፤ ርዝመቱም በሚሊ ሜትር የታወቀ ነው። በተራ ናይለን ገመድ የተተካ ዱላ በተጫነ ቁጥር ገመዱ ይለጠጣል፣ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ልቅ መገጣጠሚያ ላይ ደግሞ ቧንቧው አፉ ላይ ይሰነጠቃል። የሳይክል ፍሬን ሽቦም አይሆንም፤ በታጠፈ ቁጥር ክሩ አንድ በአንድ ይበጠሳል። ታጣፊ መግዛት ካለባችሁ የገመድ መለዋወጫ ለብቻው የሚሸጥለት ሞዴል ምረጡ፣ መለዋወጫውንም ከዱላው ጋር አብራችሁ አስመጡ።

አሉሚኒየም ወይስ ካርቦን

ካርቦን ቀላል ነው፣ ንዝረትም ይቀንሳል። አሉሚኒየም ግን ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ያስጠነቅቃል። ካርቦን ድንጋይ መካከል ተሰክቶ በጎን ሲጎተት ቀድሞ የነበረው ትንሽ ጭረት ላይ ድንገት ይሰነጠቃል። የባለ ማንሻ ብሎን ከመጠን በላይ ሲጠብቅም አሉሚኒየም ትንሽ ሲጨፈለቅ ካርቦን ይሰነጠቃል። ከሀዋሳ በሚኒባስ ጣሪያ፣ ከዲንሾ ደግሞ በፈረስና በበቅሎ ጭነት ለሚጓዝ ዕቃ አሉሚኒየም ነው የሚሻለው። ካርቦን ያላችሁ ከጉዞ በፊት ቧንቧውን በጥፍራችሁ ዙሪያውን ዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ካገኛችሁ ያ ቧንቧ ተራራ መውጣት የለበትም።

የጎበጠ አሉሚኒየም የሚቃናበትና የማይቃናበት አለ። ረጅምና ለስላሳ ጉብጠት ከሆነ፣ ጨርቅ በተነጠፈበት የእንጨት ጠርዝ ላይ ጥቂት በጥቂት እየተጫናችሁ መመለስ ይቻላል። አንድ ቦታ ላይ ተቆልምሞ ግድግዳው ከገባ ግን አትነካኩት፤ ሲቃና እዚያው ይሰበራል። ሞርሳ ውስጥም በቀጥታ አታስገቡ፤ ቧንቧው ይጨፈለቅና ሌላኛው ቧንቧ አያልፍበትም።

መንገድ ላይ ለተሰበረ ቧንቧ የቀርከሃ መጠገኛ ጥሩ ነው፣ በሲዳማም ቀርከሃ አይጠፋም። 30 ሴንቲ ሜትር ቀርከሃ ለሁለት ተሰንጥቆ ስብራቱን በሁለቱም በኩል 15 ሴንቲ ሜትር እንዲያቅፍ ይደረጋል። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በናስትሮ ወይም በጠንካራ ሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩ። ዱላው ከዚያ በኋላ አያጥርም፤ ሚዛን ለመጠበቅ እንጂ ሙሉ ክብደት ለመጣልም አይሆንም። እስከ መንደር ያደርሳል።

የተጣበቀ ዱላ

በዝናብ ተጠቅመው ሳይፈቱ ያስቀመጡት የአሉሚኒየም ዱላ ለወራት ሲቆይ ሁለቱ ቧንቧዎች በነጭ ዝገት ይያያዛሉ። ሐረና ጫካ ውስጥ በጭቃና በጉም ሲሄድ ሰንብቶ በቀጥታ ቁም ሳጥን የገባ ዱላ መጨረሻው ይኸው ነው። ጉልበት ከመጠቀማችሁ በፊት ሙቀት ሞክሩ። የውጪውን ቧንቧ መገጣጠሚያው አካባቢ ትኩስ ውሃ ውስጥ የተነከረ ፎጣ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ጠቅልሉበት፤ የውስጡ ቧንቧ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያለው ጨርቅ አድርጉ። የውጪው ሲሰፋ የውስጡ ይሰበሰባል፣ ያች ትንሽ ልዩነት ብዙ ጊዜ ትበቃለች። ሁለት ሰው ሆናችሁ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ በእጃችሁ ይዛችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙ፤ ጎማው እጅ እንዳያንሸራትት ይይዛል። ባለ ማንሻ ከሆነ ማንሻውን መክፈት ብቻ ሳይሆን ብሎኑንም ሙሉ በሙሉ አላሉት።

ይህ ሦስት አራቴ ተሞክሮ ካልሆነ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ መገጣጠሚያው ላይ ነፍታችሁ ዱላውን ዘቅዝቃችሁ አሳድሩት። ከተላቀቀ በኋላ ግን ያ ዘይት መውጣት አለበት፤ በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ውሃ እጠቡ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ከዚያ ነጩን ዝገት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ አንሱት።

ጫፍ፣ ባስኬትና እጀታ

ጫፉ ላይ ያለው ትንሽ ጠንካራ ብረት ተንግስተን ካርባይድ ነው፤ ድንጋይ የሚነክሰው እሱ ነው። ዙሪያውን ካለው ፕላስቲክ ጋር እኩል ከሆነ አልቋል፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። የሚቀየረው ከነፕላስቲኩ ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ ፕላስቲኩን ብቻ ለሁለት ደቂቃ ያህል ንከሩ፤ ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አያንስም። ከዚያ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፒንሳ እያወዛወዛችሁ ወደ ታች ሳቡት። አዲሱን በእጅ ሰክታችሁ ጣውላ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ሦስት አራቴ ምቱት፤ ሾጣጣው ራሱ ይይዘዋል። ማስቲሽ ወይም ሱፐር ግሉ አታድርጉ፤ ለሚቀጥለው ቅያሪ እንቅፋት ነው።

የጎማ ቆቡ ለአስፋልትና ለኮብልስቶን ነው። ሐይቁ ዳር በእግረኛ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ አድርጉት፤ ካርባይዱ አያልቅም፣ ጩኸትም የለም። ጭቃና ልቅ አፈር ላይ ግን ይንሸራተታል፣ አውልቁት። ባስኬት የሚባለው ክብ ፕላስቲክ ለሐረና ጭቃ ሰፋ ያለው፣ ለደረቅ ድንጋያማ መንገድ ጠባቡ ይሻላል። በጥርስ የሚጠመዘዝ ስለሆነ ጭቃ ሲደርቅበት ይቀረቀራል፤ ትኩስ ውሃ ይፈታዋል።

ለእጀታ፣ ለሀዋሳ ሙቀት ቡሽ ቀዳሚ ነው፤ ላብ ይመጥጣል፣ አያንሸራትትም። ፎም ለስላሳና ቀላል ነው፣ ግን ድንጋይ ይቆርሰዋል። ጎማ ብርድ ላይ ጥሩ፣ ሙቀት ላይ እጅ የሚያልብ ነው። የተቆረሰ ቡሽ ከጠርሙስ ቡሽ በብርጭቆ ወረቀት የተፈጨ ዱቄት በእንጨት ኮላ ተለውሶ ይሞላል፤ አንድ ቀን ደርቆ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። የእጅ ማንጠልጠያው የሚንሸራተት ከሆነ እጀታው አናት ላይ ያለውን የፕላስቲክ ሽብልቅ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ቀስ ብላችሁ አንሱት፣ ጥብጣቡን አስተካክላችሁ መልሳችሁ ግፉት።

ንዝረት የሚቀንስ ሞላ ያለው ዱላ ሲቀርብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩበት። ክብደት ይጨምራል፣ ሞላው ሲዝግ ይንቋቋል፣ ለመጠገንም ሌላ የሚፈታ መገጣጠሚያ ይዞ ይመጣል።

ያገለገለ ዱላ ስትገዙ

ሦስቱንም ቧንቧዎች ነቅላችሁ እዩ። ሻጩ «አይነቀልም» ካለ ተጣብቋል ማለት ነው። እያንዳንዱን ቧንቧ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንከባልሉ፤ የጎበጠው እየዘለለ ይሄዳል። ቧንቧው ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ርዝመት መስመር መታየት አለበት፤ መስመሩ ተፍቆ ከሆነ ዱላው ከልክ በላይ ተስቦ ሲሠራበት ነበር፣ የቧንቧው አፍም ሞላላ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቆልፋችሁ ተደገፉበት። ርዝመቱም ይድረሳችሁ፦ ክርን 90 ዲግሪ ሲታጠፍ እጀታው መዳፍ ላይ የሚውልበት ነው፤ 170 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሰው 115 አካባቢ ይመጣል። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን የባሌ ተራራ ቱሉ ዲምቱን ወጥቶ ለሚወርድ ሰው አቀበት ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ማሳጠር፣ ቁልቁለት ላይ ያንኑ ያህል ማስረዘም ስላለ፣ 115 የሚያስፈልገው ሰው ቢያንስ እስከ 125 የሚደርስ ዱላ ይፈልግ።

ከጥንዱ አንዱ የሞተ ዱላ በርካሽ ከተገኘና ሞዴሉ ከእናንተው ጋር አንድ ከሆነ ግዙት። ማንሻ፣ ብሎን፣ ባስኬትና ኤክስፓንደር ከእሱ ይወጣሉ፤ እዚህ ከተማ ላይ ከዚህ የተሻለ የመለዋወጫ ምንጭ የለም።

የሚጣለው ዱላ የትኛው ነው? ግድግዳው የተቆለመመ አሉሚኒየም፣ የተሰነጠቀ ካርቦን፣ ምትክ የሌለው የተሰበረ ፕላስቲክ ማንሻ፣ ገመዱ ተበጥሶ መገጣጠሚያው የተሰነጠቀ ታጣፊ። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ሊጠገን ይችላል።

ከጉዞ ስትመለሱ በዚያው ምሽት ቧንቧዎቹን ነቅላችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ ጥላ ውስጥ ተለያይተው ይደሩ። ሲደርቁ ገጥማችሁ አስቀምጡ፤ ጠምዛዛው ሳይጠብቅ፣ ማንሻው ሳይዘጋ። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቆም ከመውጣታችሁ በፊት የሁለቱንም ዱላ ብሎን ፈትሹ፣ ከላላ ሩብ ዙር አጥብቁ፣ ካርባይዱን በጣት ዳስሱ፣ ሁለት ሜትር ያህል ናስትሮ ደግሞ እጀታው ሥር ጠቅልሉ።